ሣጥኑን የበለጠው ማቀዝቀዣ

ቧንቧ ሠራተኛው የአማቱን ኮምፒውተር ከፍቶ አያውቅም ነበር። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የሰው ሣጥን፣ ያውም የአማት ሣጥን፣ ባለቤቲቱ በሌሉበት እንዴት ይከፈታል? ባሉበትስ ቢሆን፣ "እስቲ ልክፈተው" ማለት "የእጅ ቦርሳዎን ልፈትሽ" ከማለት በምን ይለያል? ስለዚህ ማሽኑ በጋለ ቁጥር እሳቸው በካርቶን ክዳን ሲያራግቡለት፣ እሱም በሩ ላይ ቆሞ "አይዞዎት እማማ፣ አንድ ቀን መላ እናበጅለታለን" ሲል ወራት አለፉ።

አማቱ ከቤታቸው ጋር በተያያዘች ጠባብ ክፍል ውስጥ ጽሑፍ ይተይባሉ፣ ያትማሉ፣ ኮፒ ያነሳሉ። ያላቸው ኮምፒውተር አንድ ነው፤ እሱም ሰሞኑን ብሶበት ጥቂት እንደ ሠራ ይግላል፣ ያጉረመርማል፣ ከዚያም ድርግም ይላል። በዚህ መሐል የሠፈሩ ትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት እንዲያዘጋጁ ሰጣቸው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ካልደረሰ፣ ሥራው ከመንገዱ ማዶ ወደተከፈተው አዲስ ማተሚያ ቤት እንደሚሄድ ርእሰ መምህሩ በትሕትና ነግሯቸዋል። በትሕትና የተነገረ ማስፈራሪያ ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል።

ቧንቧ ሠራተኛው ይህን ሲሰማ በጠዋት ሮጦ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባ።

"ማዘርቦርዱ ምን ዓይነት ነው?" አለው ሻጩ።

"ጥሩ ዓይነት ነው።"

"ስፋቱስ?"

"የአማቴ ነው።"

ሻጩ ከዚህ በላይ አልጠየቀም። መደርደሪያው ላይ ግን አንድ ነገር ተቀምጦ ነበር፤ ባለ ሁለት ፎቅ፣ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች የተደረደሩበት፣ በመሐሉ ስድስት የመዳብ ቧንቧዎች ተቆልምመው የሚያልፉበት። ሌላ ሰው ቢሆን መጠኑን ያይ ነበር። እሱ ያየው ቧንቧውን ነው። ዕድሜ ልኩን ዝገት ሲፍቅ የኖረ ሰው እንዲህ ያለ መዳብ፣ እንዲህ ያለ አጠማዘዝ ሲያይ ልቡ ይቀልጣል። አንስቶ ጆሮው ሥር ነቀነቀው።

"ውሃው በየት በኩል ነው የሚገባው?"

"ውሃ የለውም፣ ጋሼ።"

"ይሁን፤ እሱ በኋላ ይታሰብበታል።"

ካርቶኑን ታቅፎ ሲመጣ ሚስቱ እናቷ ዘንድ ወረቀት ስትደረድር ነበር።

"ይሄ ሕፃን የማን ነው?" አለችው።

"የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ነው።"

"እሱን ኮምፒውተሩ ውስጥ ልትከተው ነው ወይስ ኮምፒውተሩን እሱ ውስጥ?"

"አንቺ ደግሞ! የማይገጥም ነገር የለም፤ መጋጠሚያው ያልተገኘለት ነው ያለው።"

አማቱ ከመነጽራቸው በላይ ካርቶኑን አዩ፤ ኮምፒውተሩን አዩ፤ ተመልሰው ካርቶኑን አዩ። "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ለኔ ብለው ይሄን ሁሉ ተሸክመው!" አሉ።

በነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል ከሠርጉ ጀምሮ ክፉ ቃል አልፎ አያውቅም። እሳቸው ጨው ያበዙበትን ምግብ እሱ አጣጥሞ ይጨርሳል። እሱ ጠግኖት እንደገና የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ እሳቸው ሥሩ ባልዲ ደቅነው "እንዴት ያለ ብሩክ እጅ ነው" ይላሉ። መከባበር ጥሩ ነው፤ እግዚአብሔርም ይወደዋል። ኮምፒውተር ግን አያውቀውም።

ሣጥኑ ተከፈተ። ቧንቧ ሠራተኛው አሮጌውን ማቀዝቀዣ ከነማራገቢያው ፈትቶ አነሳ። መዳፍ የምታህል፣ አቧራ የጠገበች ነገር ናት፤ ሳያያት ወደ ጎን አስቀመጣትና አዲሱን አስጠጋ። አራት እግር አለው፤ ማዘርቦርዱም፣ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ፣ አራት ቀዳዳ አለው። እስከዚህ ሰላም ነው። ነገር ግን እግሮቹ ተንሰራፍተዋል፣ ቀዳዳዎቹ ተጠጋግተዋል፤ አንዱ ሲገባ ሦስቱ ውጭ ይቀራሉ። በዚያ ላይ አንደኛው ፎቅ ሥሩ የቆሙትን የሜሞሪ ካርዶች ሊጨፈልቅ ደረሰ። የክዳኑን መዘጋትማ ማን ያነሳዋል!

"እንዴት ነው ልጄ?"

"በጣም ጥሩ ነው እማማ። ትንሽ ጠበብ አለ እንጂ።"

"ሣጥኑ ነዋ የጠበበው፤ እርስዎ ምን ያድርጉ?"

"ኧረ ሣጥኑስ ጥሩ ሣጥን ነው።"

"ማቀዝቀዣውም ጥሩ ማቀዝቀዣ ነው።"

"ሁላችሁም ጥሩ ናችሁ" አለች ሚስቱ፣ "ፈተናው ግን አልታተመም።"

ቧንቧ ሠራተኛው ከመሣሪያ ቦርሳው ቧንቧ ከግድግዳ ጋር የሚያስርበትን ጠፍጣፋ ብረት አወጣ። ቀጠቀጠው፣ በሳው፣ ከእግር ወደ ቀዳዳ እንደ ድልድይ ዘረጋው፤ የቀረውን በሽቦ ጠፈረ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አይደል የሚባለው? ሣጥኑን ገና ቀና ሲያደርገው ማቀዝቀዣው እንደ ሰካራም ወደ ጎን ተንጋደደ፤ ማዘርቦርዱም ሲጥ አለ።

"ምንድን ነው የጮኸው?" አሉ አማቱ።

"ወንበሩ ነው።"

"አዎ፣ ያ ወንበር ይጮሃል" አሉ። ወንበሩ ላይ ማንም አልተቀመጠም ነበር።

ላብ በአፍንጫው ጫፍ ወረደ። ካቻቢቴውን እንደያዘ አሰበ። አንድ ዙር ቢያጠብቀው ይይዝ ይሆናል፤ ወይም ሰሌዳው ይሰነጠቅና ፈተናውም ደንበኛውም አብረው ወደ መንገዱ ማዶ ይሻገራሉ። ይህ አስፈራው። ከዚህ የባሰ ያስፈራው ግን ሌላ ነው፤ ሰሌዳው ለሁለት ቢሰነጠቅም እሳቸው "ብሩክ እጅ" ሊሉ ነው! በባዶ ክፍል፣ በሞተ ማሽን ፊት ተቀምጠው ሊመርቁት ነው። ይህንን መሸከም አቃተው።

ካቻቢቴውን አስቀመጠ።

"እማማ።"

"አቤት።"

"አይገጥምም።"

አማቱ መነጽራቸውን አወለቁ። "ተመስገን!" አሉ ረጅም ተንፍሰው። "እኔ እኮ በሩ ላይ በጎን ሲያስገቡት ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?"

"ቅር እንዳይልዎ ብዬ ነዋ! እርስዎስ?"

"እኔም እርስዎን ቅር እንዳይልዎ።"

"ጉድ እኮ ነው!" አለች ሚስቱ። "ለይሉኝታ ብላችሁ ማሽኑን ልትቀብሩት!"

"እንግዲህ ከተነጋገርን አይቀር" አሉ አማቱ ፈራ ተባ እያሉ፣ "የጓዳው ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል።"

"ያ እኔ የሠራሁት?"

"እሱ። አንድ ቀን እንኳ አቁሞ አያውቅም።"

"እኔም ስለ ጨው አንድ ነገር..."

"እሱን ተወው!" አለች ሚስቱ ቶሎ ብላ።

ሽቦው ተፈታ፣ ብረቱ ወለቀ። ቧንቧ ሠራተኛው ሌላ ምርጫ ስላጣ አሮጌዋን ማቀዝቀዣ አንስቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አያት። ማራገቢያዋን ፈታ ሲያደርግ፣ በብረት ቅጠሎቿ መካከል ያለው አቧራ ተነባብሮ እንደ ብርድ ልብስ ሆኗል። የወረቀት ብናኝ፣ ክር፣ ፀጉር፤ ንፋስ በየት በኩል ይለፍ?

"ይሄማ የተደፈነ ቧንቧ ነው!" ብሎ ጮኸ።

ከዚህ በኋላ ማንም አላስተማረውም። በሽቦ ጎተተ፣ በብሩሽ ጠረገ፣ እፍ አለ፤ ሚስቱ እያስነጠሰች ወደ ውጭ ወጣች። ከአዲሱ ካርቶን ውስጥ ትንሽ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ቱቦ ተገኘች፤ የደረቀውን አሮጌ ቅባት ጠርጎ በምትኩ ከእሷ አንዲት ምስር የምታህል ጠብታ አኖረ። ማቀዝቀዣዋን በቦታዋ መለሳት። አራቱም እግሮች ያለ ክርክር ገቡ።

ማሽኑ ተበራ። አማቱ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ አንድ ነገር አሉ፤ ለማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ከዚያ መተየብ ጀመሩ። አንደኛው ገጽ አለቀ። ሁለተኛው አለቀ። ማሽኑ አልጋለም፣ አላጉረመረመም፤ ሥራውን ብቻ ይሠራል።

የትምህርት ቤቱ ተላላኪ በሩን ሲያንኳኳ የመጨረሻው ወረቀት ከማተሚያው እየወጣ ነበር። ሰውየው ለብ ያለውን ወረቀት ተቀብሎ አስተካከለና ወንበሩ ላይ የተጎለተውን ባለ ሁለት ፎቅ ነገር በአድናቆት ተመለከተ።

"ማሽኑ ተበላሽቷል ሲባል ሰምቼ ነበር። ማን ሠራልዎት?"

"አማቼ" አሉ እሳቸው ኮራ ብለው። "ሊገድሉትም የነበሩት እሳቸው፣ ያዳኑትም እሳቸው።"

ቧንቧ ሠራተኛው ጥቁር እጁን በጨርቅ እየጠረገ አቀረቀረ። ስንት ዓመት ሲመረቅ ኖሮ አንዱም ምርቃት እንዲህ ደረቱ ድረስ አልገባለትም ነበር።

"እማዬ" አለች ሚስቱ ከበሩ ላይ፣ "‘ሊገድሉት የነበሩት’ ያልሽውን ትንሽ ጮክ አድርገሽ ድገሚው፤ አልሰማው መሰለኝ።"