መብራት ያልጠፋበት ቀን

ገና አዲስ ተቀጣሪ ሳለሁ፣ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ በር ኋላ ሁለት ነባር የምድጃ ሠራተኞች ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ሙሉውን አላስታውሰውም። አንዱ፣ «ጭሱ ከበዛ ምን ብለህ ትጽፋለህ?» አለ። ሌላው፣ «መብራት ጠፋ ነዋ፤ መብራትን ማን ይከሰዋል?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ስለ እግዚአብሔር አንድ ነገር ተናገሩ፤ እሱ ጠፍቶብኛል።

በሲሚንቶ ፋብሪካችን ነገሩ ልማድ ሆኖ ቀረ። እኔም ሃያ ሁለት ዓመት እንደዚያው ጻፍኩ።

አምና የእህቴ ልጅ መሐንዲስ ሆና መጣች። ከዋናው ምድጃ ጎን በድንጋይ ከሰል ፋንታ ሰጋቱራ የምታነድ ትንሽ ምድጃ አሠራች። ሥራ አስኪያጁ የፈቀደላት መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ ኦዲተር እንደሚልክ ስለሰማ ነው። «የምናሳየው ነገር ይኑረን» አለ። መጪው ሁሉ አይቷት ስለሚሄድ ሠራተኛው ምድጃዋን «ሙሽሪት» አላት።

በሙሽሪት ሙከራ አሥራ አንደኛ ቀን ተረኛ ሆኜ ሰጋቱራውን ሳላደርቅ ጨመርኩ። ጥቁር ጭስ ግቢውን ሞላው። ደነገጥኩና እጄ ሳያማክረኝ «መብራት ጠፋ፣ ሙከራው ቆመ» ብሎ መዝገቡ ላይ ጻፈ።

ዛሬ ኦዲተሯ መጣች፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት። መዝገቡን ከኤሌክትሪክ ቆጣሪው ንባብ ጋር ታስተያያለች። ጣቷ አሥራ አንደኛው ቀን ላይ ቆመ።

«የዚያን ዕለት መብራት ነበረ» አለች። «ይህ ሐሰት ከሆነ የቀሩትን ቀናት በምን ልመን? እስከ ነገ ማብራሪያ ካላገኘሁ ሙከራው እንዳልተደረገ እቆጥረዋለሁ።»

እሷ ስትወጣ ሥራ አስኪያጁ የእህቴ ልጅ ላይ አፈጠጠ። «ሙከራው ከተሰረዘ ምድጃሽን አፈርሰዋለሁ» አላት።

ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችብኝ።

«ጋሼ፣ የዚያን ቀን ተረኛው አንተ ነበርክ አይደል?»

«ነበርኩ።»

«መብራት ጠፍቶ ነበር?»

ግድግዳውን አየሁ። ለጡረታ ሦስት ዓመት ቀርቶኛል፤ ሐሰተኛ መዝገብ ደግሞ ያስባርራል።

«ሙሽሪት በቃ ልትፈርስ ነው?» አልኳት።

«እሷ ብቻ መሰለችህ? ከእንግዲህ እዚህ ግቢ አዲስ ነገር የሚሞክር አይኖርም። እየፈሩ ከሰላቸውን ያነዳሉ። ያሳደግከኝ አንተ ነህ፤ ላስገድድህ አልችልም።»

ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ልጸልይ ብል አፌ ከ«አቤቱ» አላልፍ አለኝ። የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ።

ስወጣ እዚያው ቆማለች።

«ወረቀት ስጪኝ» አልኳት። «እርጥቡን ሰጋቱራ የጨመርኩትም፣ ውሸቱን የጻፍኩትም እኔ ነኝ ብዬ እፈርማለሁ። ለኦዲተሯም ራሴ እሰጣታለሁ።»