ሳያነቡ የፈረሙ

ሰይፈዲን ጡረታ ከወጣ ስምንት ወሩ ነው፤ በእነዚህ ስምንት ወራት ዙሀራ ያላየችው ጉድ የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የእንሰት አጠውልግ በሽታ ሲመረምር የኖረ ሰው፣ አሁን የቤቱን ቧንቧ መመርመር ጀመረ። የሽሮውን ጣሳ ከፍቶ አሽትቶ፣ "ይኼ ነገር እርጥበት ገብቶታል" ይላታል። ይኼስ ይሁን፣ ትስቅበታለች። ያስፈራት ከሰዓት በኋላው ነው። ከዙሁር ሶላት መልስ ሶፋው ላይ ቁጭ ይላል፣ ቴሌቪዥኑ ያወራል፣ እሱ ግን አንዲት ቃል አይተነፍስም። እንዲህ ዝም ብለው ቁጭ ብለው የቀሩ ጡረተኞች በሰፈሩ አይታለች።

ስለዚህ አስኮ የተከፈተ አንድ የግል የምርምር ማዕከል "ወጣት ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን አንጋፋ ተመራማሪ እንፈልጋለን" ብሎ ማስታወቂያ ሲያወጣ፣ ዙሀራ ሁለት ረከዓ ሰግዳ አላህን ለመነች። ሰይፈዲንም በዚያ ቀን ጢሙን ተላጨ። ሌላው ወረቀት ሁሉ ተሟልቷል። የቀረው ሁለት የድጋፍ ደብዳቤ ነው፦ አንዱ አብሮት ከሠራ ሰው፣ አንዱ እሱ ካስተማረው ሰው፤ ተፈርሞበት፣ ማኅተም ተመትቶበት። የመጨረሻው ቀን ሐሙስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት።

ደወለ። ታዲዮስ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አጠገቡ ባለው ጠረጴዛ የሠራው፣ አሁን ጦር ኃይሎች አካባቢ አንድ የግል ኮሌጅ የሚመራው፣ በስልኩ ውስጥ ሳቀ።

"አንተን ያልደገፍኩ ማንን ልደግፍ! ጽፈህ ላከው፣ እፈርማለሁ።"

ኑሕ፣ ለሁለተኛ ዲግሪው ሲሠራ ሰይፈዲን ያማከረው፣ ዛሬ ዓለም ባንክ አካባቢ የአንድ ድርጅት ዳይሬክተር የሆነው፣ እሱም ያው ነው።

"ዶክተር፣ ለእኔ ክብር ነው! ብቻ ጊዜ አጣሁ። ድራፍቱን ይላኩልኝና እፈርማለሁ።"

በዚህ ከተማ እንዲህ ነው የሚሠራው። የሚመሰገነው ሰው ምስጋናውን ራሱ ይጽፋል፣ አመስጋኙ ይፈርምበታል። ሁሉም ያውቀዋል። ሰይፈዲን ግን አሻፈረኝ አለ።

"'ሰይፈዲን ታታሪ ነው፣ ቅን ነው' ብዬ እኔው ጽፌ ለታዲዮስ ልስጠው?"

"ታታሪ አይደለህም እንዴ?" አለች ዙሀራ።

"ነኝ። ግን እሱ ይበለው እንጂ!"

"ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው አንተ ሰውዬ።"

"እኔ አላደርገውም።"

ሁለት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። ረቡዕ ማታ ልጃቸው ሰልሳቢል ትዕግሥቷ አለቀና ኮምፒውተሯን ከፍታ ሁለቱንም በእንግሊዝኛ ጻፈቻቸው። በታዲዮስ በኩል ያለው "ሥራ የጀመርነው በአንድ ዓመት ነው" ይላል። በኑሕ በኩል ያለው "እንደ አባት ሆኖ አስተማረኝ" ይላል። ፈራሚዎቹ ስማቸው ያለበትን ቲተር ስለሚመቱበት የስሙን ቦታ ባዶ ተወችው።

"እማ፣ የላይኛው የጋሽ ታዲዮስ ነው፣ የታችኛው የኑሕ። ነገ እኔ ሥራ ነኝ፣ አንቺ ታስፈርሚያለሽ።"

ዙሀራ አማርኛ ታነባለች፣ ቁርኣንም ታነባለች። እንግሊዝኛ ግን አይሆንላትም። የላይኛው፣ የታችኛው፤ ይኼን ማን ያጣዋል?

ጠዋት ታክሲው ውስጥ ሰው በሰው ላይ ሆኖ፣ ፌርማታ ላይ ሲቆም ደብዳቤዎቹን የያዘችበት ክላሰር ከጭኗ ተንሸራተተ። አጠገቧ የነበረ ሰውዬ ወረቀቶቹን ለቃቅሞ፣ በእጁ አራግፎ ሰጣት። "አላህ ይስጥልኝ" ብላ መልሳ ከተተቻቸው።

ታዲዮስ ቢሮው ቆሞ ተቀበላት። ጉልበቱ ያመዋል፣ ግን ቆመ።

"ዙሀራ! ያ ግትር እንዴት ነው? አሁንም ከባክቴሪያ ጋር ይጣላል?"

"አሁን የሚጣላው ከእኔ ጋር ነው ጋሽ ታዲዮስ።"

"በይ አምጪው፣ አምጪው።" የላይኛውን ወረቀት ተቀበላት፣ ከላይ እስከ ታች አንዴ በዓይኑ ጠረገው፣ ፈረመ። ጸሐፊዋ ቲተሩንና ማኅተሙን ጧ ጧ አደረገችበት። ሻይ እንኳ ሳይቀርብላት ወጣች። ደስ አላት፣ ጊዜ ቆጠበች።

ኑሕም አላስቆማትም። በኮሪደሩ ስልክ እያወራ ሲመጣ አያት፣ በእጁ "አንዴ" አላት፣ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ፈረመ። ስልኩን በትከሻው ይዞ፣ "እትዬ ዙሀራ፣ ዶክተርን ሰላም በይልኝ፣ አንድ ቀን መጥቼ እጠይቃቸዋለሁ ኢንሻአላህ" አላት። እንዲህ ካለ ሦስት ረመዳን አልፏል።

ሰባት ሰዓት ላይ ቤቷ ገባች። ሰይፈዲን ሸሚዙን ተኩሶ፣ ክራቫት አስሮ ይጠብቃል። አስኮ ራሱ ሊወስደው ነው። መነጽሩን አደረገ። የመጀመሪያውን አነበበ። ሁለተኛውን አነበበ። ከዚያ የመጀመሪያውን መልሶ አነሳ።

"ዙሀራ፣ ታዲዮስ ስንት ዓመቱ ነው?"

"እኔ ምን አውቄ። ካንተ አራት ዓመት አይበልጥም?"

"እዚህ 'ዶክተር ሰይፈዲን እንደ አባት ሆኖ አስተማረኝ፤ ያኔ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነበርኩ' ብሎ ፈርሟል።" ሌላውን አነሳ። "ኑሕ ደግሞ ከእኔ ጋር በአንድ ዓመት ሥራ ጀመርን ብሏል። እኔ ሥራ ስጀምር ኑሕ ጡት ይጠባ ነበር።"

ዙሀራ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ክላሰሩ! ያ ሰውዬ!

"የእኔ ጥፋት ነው። ታክሲ ውስጥ ወድቆብኝ…"

"ያንቺ አይደለም።" ሰይፈዲን መነጽሩን አወለቀ። "አንቺ እንግሊዝኛ አታነቢም። እነሱ ያነባሉ።"

ለሰልሳቢል ደወለች። ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ የእናቷን ድምፅ ሰምታ ተወችው።

"እማ፣ እንዳለ አስገቡት። እዚያ ያሉትስ መች ያነቡታል?"

"አላህ አያነብም? ውሸት የተመሰከረበት ወረቀት ይዤ ልሂድ?"

"እሺ አስተካክዬ ልላክ፣ ድጋሚ ይፈርሙ…"

"አይላክ" አለ ሰይፈዲን ከወዲያ። ክራቫቱን ፈታ። ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ ሪሞቱን አነሳ። "ሃያ ሁለት ዓመት አብሮኝ ሠርቶ ስለ እኔ አንድ ገጽ ማንበብ ያቃተው ሰው ደግሞ ምን ብሎ ይፈርምልኛል?"

ቴሌቪዥኑ ማውራት ጀመረ። ያ ዝምታ መጣ። ዙሀራ ክላሰሩን ብብቷ ስር አድርጋ ወጣች።

ዓለም ባንክ ስትደርስ ስምንት ሰዓት ተኩል አልፏል። የኑሕ ጸሐፊ "ስብሰባ ላይ ናቸው" አለቻት። ዙሀራ በሩ አጠገብ ወንበር ሳበች። ስብሰባው ሲያልቅ በእሷ በኩል ካልሆነ መውጫ የለም።

"እትዬ ዙሀራ? ምነው፣ ደህና?" አለ ኑሕ ሲያያት።

"ደህና ነው። ይኼን ወረቀት በአማርኛ አንብብልኝ።"

ቢሮው አስገባት። ማንበብ ጀመረ። "እኔና ዶክተር ሰይፈዲን ሥራ የጀመርነው በ…" ቆመ። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ።

"ተቀያይሯል ማለት ነው?"

"በእኔ እጅ ተቀያየረ። በአንተ እጅ ተፈረመ።"

"ይቅርታ እትዬ፣ ወላሂ ጥድፊያ ላይ ሆኜ ነው። ትክክለኛውን በቴሌግራም ላኪልኝ፣ አሁኑኑ እፈርማለሁ።"

"የሚላክ የለም። አንተ ጻፈው።"

"አሁን? እትዬ፣ ሌላ ስብሰባ አለብኝ እኮ።"

"እንግዲህ እኔን አስጎትተህ አስወጣና ግባ።"

ተቀመጠ። እስክሪብቶ አነሳ። ወረቀቱን አየ። ዙሀራን አየ። ግድግዳውን አየ።

"ምን ብዬ ልጻፍ?"

ከዛሬው ሁሉ ይቺ ነች ያንገበገበቻት። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቷ እየመጣ ምሳ የበላ ልጅ፣ "ምን ብዬ ልጻፍ?"

"አንተን ነው ያስተማረው፣ እኔን አይደለም። ምን አስተማረህ?"

ኑሕ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"አንድ ነገር አለ። ግን የሚጻፍ አይደለም።"

"ንገረኝ።"

"ወልቂጤ መቶ ሃያ የእንሰት ችግኝ ነበረን። በየቀኑ ስንቱ እንደጠወለገ መቁጠር የእኔ ሥራ ነበር። የአጎቴ ልጅ ሠርግ ሆነና አንድ ሳምንት ቀረሁ። ስመለስ ቁጥሩን ከጭንቅላቴ አውጥቼ ሞላሁት።" አንገቱን ደፋ። "ዶክተር ደብተሩን አዩት። 'ኑሕ፣ ቁጥሩ በጣም ያምራል፤ በሽታ እንዲህ አያምርም' አሉኝ። ገጹን አልቀደዱትም። በአንድ መስመር ሰርዤ፣ አጠገቡ 'አልቆጠርኩም' ብዬ እንድፈርም አደረጉኝ። ከዚያ ራሳቸው አብረውኝ ማሳው ወርደው እንደ አዲስ አስጀመሩኝ። አሥራ ሁለት ቀን አብረን ቆጠርን። ለማንም አልተናገሩም። ተናግረው ቢሆን እዚህ ወንበር ላይ አልቀመጥም ነበር።"

ዙሀራም አታውቅም ነበር። ያን ጊዜ ሰይፈዲን ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲመጣ መጮኋን ብቻ ነው የምታስታውሰው።

"ይኼን ጻፍ።"

"እትዬ! ዳይሬክተር ነኝ እኮ። ውሸታም ነበርኩ ብዬ ልፈርም?"

"ዛሬ ጠዋት ውሸት ፈርመህ የለ? ያ ሳይከብድህ እውነቱ ከበደህ?"

ወደ ጸሐፊዋ በር አየ፣ ተነስቶ ዘጋው። ጻፈ። በእጁ፣ በእንግሊዝኛ፣ እየሰረዘ፣ እያንዳንዱን መስመር በአማርኛ እየነገራት። አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ፈረመ፣ ማኅተሙን ራሱ መታው። ዙሀራ መረቀችው፤ ንዴቷ ግን ባለበት ነው።

ለታዲዮስ ደወለች፤ አይነሳም። ጦር ኃይሎች ወርዳ ኮሌጁ ድረስ ሮጠች። "ለቅሶ ሄደዋል" አለቻት ጸሐፊዋ። ለቅሶ የሄደን ሰው ምን ይሉታል? ደግማ ደወለች፣ ስልኩ ተዘግቷል። አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ። መንገዱ ተቆፍሮ ታክሲው እንደ ኤሊ ነው፤ ዙሀራ እግሯን መኪናው ወለል ላይ እየመታች ዚክር አለች፣ ዚክሩ መሀል ደግሞ ሹፌሩን ተቆጣች፣ አስተግፊሩላህ ብላ እንደገና ጀመረች።

ማዕከሉ ስትደርስ አሥራ አንድ ሊሆን ሰባት ደቂቃ ቀርቶታል። መዝጋቢዋ ትሑት ልጅ ናት፤ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየች።

"እናቴ፣ ድጋፉ አንድ ነው። የሥራ ባልደረባቸው የታለ?"

ዙሀራ ያንን ታዲዮስ የፈረመበትን ወረቀት ክላሰሩ ውስጥ በጣቷ ነካችው። ማኅተሙ አለ፣ ፊርማው አለ። ብትሰጣት ልጅቷ ቆጥራ "ሁለት" ትላለች፣ አለቀ። ጣቷ ወረቀቱ ላይ ቆየ።

"የለም" አለች።

"ካልተሟላ ኮምፒውተሩ አይቀበለኝም እናቴ። አዝናለሁ።"

"ነገ ጠዋት ባመጣ?"

"በአሥራ አንድ ይዘጋል።"

የኑሕን ደብዳቤ መልሳ ወሰደች።

ቤት ስትገባ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ሰይፈዲን እዚያው ሶፋው ላይ ነው። ሁሉንም ነገረችው፣ ቆማ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ። ሥራው እንዳመለጠው ስትነግረው ራሱን ነቀነቀ ብቻ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ደብዳቤውን ተቀበላት። መነጽሩን አደረገ። አነበበ። ሪሞቱን ፈልጎ ቴሌቪዥኑን አጠፋና እንደገና አነበበ።

"ራሱ ነው የጻፈው?"

"በእጁ። እኔ ፊቱ ተቀምጬ።"

ሰይፈዲን ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ጎንበስ አለ።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"አሥራ ሁለት ቀን ይላል። ዘጠኝ ቀን ነው የቆጠርነው። በሦስቱ ቀን ዝናብ ነበር፣ ማሳው አያስገባም።"

"ሰይፈዲን! ሥራው አመለጠህ እያልኩህ ነው እኮ!"

"ሰምቻለሁ። ይኼ ግን መስተካከል አለበት።" ስልኩን አንስቶ ደወለ። ስምንት ወር ሙሉ ማንም ጋ በራሱ ለወሬ ደውሎ አያውቅም፣ ያቺን የድጋፍ ልመና ካልቆጠርናት። "ኑሕ? ደብዳቤህን አነበብኩት። አይ፣ ምስጋናውን ተወው። ደብተሩ አንተ ጋ ነው? አውጥተህ እየው፣ እጠብቃለሁ።"

ኑሕ ወዲያ ማዶ ካቢኔ ሲከፍት፣ አንድ ነገር ሲወድቅበት ይሰማል። ሰይፈዲን ከሶፋው ተነስቶ ሳሎኑ ውስጥ ወዲህ ወዲያ ይላል፣ "ሰኔ ላይ ፈልገው፣ ሰኔ" እያለ።

ጫማዋን አወለቀች። መግሪብ ደርሷል፣ ይኼን ሁሉ ንዴት ይዛ ግን አላህ ፊት አትቆምም። ቧንቧውን ከፍታ ውዱእ አደረገች፤ አልበረደላትም፣ እንደገና አደረገች።