ምንም ያልበቀለበት አረንጓዴ

በአክብሮት ንታቴ፣ ማለትም አባባ፣ የሚባለው ራቤሌ ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዞ ከላቦራቶሪው ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ወደ ድንበር የሚሄደው አውቶቡስ እኩለ ቀን ላይ ይነሳል። ቲቢ እንደሌለበት የሚመሰክረውን ወረቀት ከያዘ ነገ ወደ ማዕድኑ ጉድጓድ ይወርዳል፤ ካልያዘ ቦታውን ሌላ ይወስድበታል።

ወረቀቱ የላቦራቶሪው ሠራተኛ የፑሌንግ ጠረጴዛ ላይ ነው። የቀረው የእሷ ፊርማ ብቻ ነው።

አራት ወር ሙሉ የእያንዳንዱን በሽተኛ አክታ ለሁለት እየከፈለች ስትዘራ ቆይታለች፤ ግማሹን ከእንቁላል በሚሠራው አረንጓዴ ጠጣር የጀርም ማሳደጊያ ላይ፣ ግማሹን አዲሱ ማሽን ውስጥ በሚገባው ፈሳሽ ላይ። ሁለቱን ለማወዳደር ነው። ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚታመነው እንቁላሉ ነው። የራቤሌ ፈሳሽ ገና በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ጀርም ሲበቅል የሚጮኸውን ማሽን አስጮኸው። እንቁላሉ ግን ስምንት ሳምንት አልፎትም እንደተሠራበት ቀን ልሙጥ ነው።

አለቃዋ ንታቴ ንኩዌቤ ፈሳሹን "ተበክሏል" ብሎ መዝግቦታል። "ፈሳሽ ላይ የማይበቅል ምን አለ? ሾርባ ረስተሽ አድረሽ አታውቂም?"

ከመፈረሟ በፊት ግን ፑሌንግ ካስቀመጠችው ፈሳሽ ጠብታ ወስዳ፣ ቀለም ቀብታ፣ በማይክሮስኮፕ አየችው። ቀያዮቹ ዘንጎች እንደ ገመድ ተገምደዋል። ተራ ብክለት እንዲህ አይገመድም፤ የቲቢ ጀርም ግን ይገመዳል።

ታዲያ እንቁላሉ ላይ ለምን አልበቀለም?

በመስኮቱ የአክስቷ የማማሎሚ ድምፅ ገባ። ሐሙስ የእንቁላል ቀን ነው። በረዶ መንገዱን ዘግቶ የላቦራቶሪው የድሮ እንቁላል አቅራቢ የቀረ ጊዜ "አክስቴ ዶሮ ታረባለች" ያለችው ፑሌንግ ራሷ ነበረች።

"ምሜ፣ ዶሮዎቹ ደህና ናቸው?" አለች ፑሌንግ፣ አክስቷን እንደ እናት ጠርታ።

"አንዲት አልሞተችብኝም! የጎረቤቶቼ እንደ ቅጠል ረገፉ። የእኔዎቹ ብርዱ ከገባ ጀምሮ ያቺን ቢጫ ዱቄት በውሃ ይጠጣሉ።"

"የምን ዱቄት?"

"የከብት ሐኪሙ የሰጠኝ ነዋ፤ ሳል የምታጠፋዋ። ምነው ፊትሽ ጠቆረ? ሰርቄ መሰለሽ?"

ፑሌንግ የዱቄቱን መንገድ በሐሳቧ ተከተለች። መድኃኒቱ ከውሃው ወደ ዶሮዋ፣ ከዶሮዋ ወደ እንቁላሉ፣ ከእንቁላሉ ወደ አረንጓዴው ቱቦ። እዚያም መድኃኒቱ ጀርሙን ስለሚገድል የዘራችው ሁሉ ይመክናል። አዲስ የተሠራ ማሳደጊያ በሚታወቅ የቲቢ ዘር መፈተሽ ነበረበት። በበረዶው ሰሞን ግን መብራት ጠፍቶ ዘሩ ሲበላሽ፣ ንታቴ ንኩዌቤ "እንቁላል ያው እንቁላል ነው" አለ፤ እሷም ተስማምታ ራሷን ነቀነቀች። አረንጓዴው ላይ የሚበቅለው ሲያንስ ደግሞ "ሕዝባችን እየዳነ ነው" ብሎ ተደስቶ ነበር።

አለቃዋን ማይክሮስኮፑ ጋ ጠራችው።

"በዚህ እንቁላል አርባ አንድ ሰው ነጻ ነህ ብለናል፤" አለ ዓይኑን ሳያስጠጋ። "ሁሉንም ልንጠራ ነው? ለአክስትሽ ዶሮ?"

"አዎ ንታቴ።"

"የማን ጥፋት ነው ሲሉሽስ?"

"እንቁላሉን ያስመጣሁት እኔ ነኝ። ሳይፈተሽም ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።" ማይክሮስኮፑን ወደ እሱ ገፋችው። "ግን እባክዎ መጀመሪያ ይመልከቱ።"

አጎነበሰ። የማይክሮስኮፑን ማስተካከያ ወዲያ ወዲህ አዞረ።

"ገመድ ነው፤" አለ ቀስ ብሎ። የምስክር ወረቀቱን አነሳና ለሁለት ቀደደው። "ሂጂ ንገሪው። ለአርባ አንዱ መደወሉን እኔ እጀምራለሁ።"

ራቤሌ ባዶ እጇን አይቶ ከመቀመጫው ተነሳ።

"ሁለት ወር አስቀምጣችሁኝ፣ ዛሬ?"

"አክታዎ ላይ ቲቢ አለ ንታቴ። አንደኛው ምርመራ አሳስቶን ነበር፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። መድኃኒት ዛሬውኑ ይጀምራሉ።"

"አንቺ ልጅ፣ ሥራዬን ነው የቀማሽኝ! ገባሽ? ልጆቼ..." ቁጣው ከፊቱ ላይ ሲወርድ አየችው። "ልጆቼ ከእኔ ጋር ነው የሚተኙት። እዚህ ብርድ ልብስ ውስጥ።"

መርፌ ቁልፉን ፈታ፤ ብርድ ልብሱን ከትከሻው አውርዶ፣ የት እንደሚጥለው እንደጠፋው ሰው፣ ከሰውነቱ አርቆ ያዘው።

ከመናኸሪያው የአውቶቡሱ ጡሩንባ ተሰማ። ራቤሌ ዞር አላለም።

"ልጆቹን ለምርመራ ያምጧቸው፤" አለችው ፑሌንግ።