አንሶላ ሰፊዎቹ

ልጅ ሳለች የቀረበላትን ዳቦ ሳታሸት ስለማትጎርስ ቤተሰቡ «ጥርጥር» ይላት ነበር። አድጋ የአንድ የሆቴሎች ድርጅት የግዢ ኃላፊ ስትሆን ቅጽል ስሟ ማዕረግ መሰለ። «የእሷ አፍንጫ ካለ ለድርጅታችን ዘበኛ ምን ያደርግለታል?» እያሉ ባልደረቦቿ ይቀልዱባታል። በዚያ ዓመት ግን አፍንጫዋ እየመራ የገዛ ዘመዷ ደጅ አደረሳት።

ድርጅቱ አዲስ ሆቴል ሊከፍት ነው። ለክፍሎቹ ሁሉ አንሶላና የትራስ ልብስ ያስፈልጋል። የቆየው አቅራቢ፣ «በዚህ ዋጋ፣ በዚህ ጥድፊያ አልችልም፤ ሠራተኞቼን ልግደል እንዴ?» ብሎ መለሰላቸው። ሥራ አስኪያጁ ግን ዋጋውንም አልጨመረ፣ ቀኑንም አላራዘመ። በዚያ ዋጋ «እኔ አለሁ» ያሉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የታላቅ እህቷ ባል።

እኚህን ሰው ከልጅነቷ ጀምራ የምትጠራቸው «ጋሼ» እያለች ነው። እናትና አባቷ ሲሞቱ እህቷ እጇን ይዛ ያስገባቻት እሳቸው ቤት ነበር። ያበሏት፣ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው፤ እጃቸውም አይሰስትም። ዝምድናውን ለሥራ አስኪያጁ ሳትደብቅ ነገረችው። «ዘመድሽ ከሆኑማ ጨርቁ አይሳሳብንም» ብሎ ሳቀ። «ብቻ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ሄደሽ እይው።»

የስፌት ፋብሪካው ከእህቷ ቤት ጋር በአንድ ግንብ ይዋሰናል። ጋሼ በር ድረስ ወጥተው ተቀበሏት። አዳራሹ ንጹሕ ነው። ማራገቢያዎቹ አዲስ ናቸው፤ የተጠቀለሉበት ላስቲክ እንኳ ገና አልተላጠም። ሴቶቹ ከስፌት መኪናቸው ላይ አቀርቅረው ይሰፋሉ።

«ሥራ እንዴት ነው?» አለቻት አንዷን።

«ደስ ብሎናል። እንደ ቤታችን ነው።»

ራቅ ብላ ሌላዋን ጠየቀች። «ደስ ብሎናል። እንደ ቤታችን ነው።» ቃሉም ድምፁም አንድ ነው።

ዝቅ ብላ እግራቸውን አየች። ሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ነጠላ ጫማ አድርገዋል። ወደ በሩ ዞር ብላ ብትፈልግ መንገድ የሚሄዱበት ጫማ የሚባል የለም።

«ጫማቸው የት ነው?»

«ዕቃ ቤት ውስጥ ተቆልፎበታል» አለ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው። «እንዳይሰረቅ ነው።»

«ሲወጡስ?»

ካቦው መልስ ፍለጋ ጋሼን አያቸው። እሳቸው ከት ብለው ሳቁ። «ጥርጥር! አሁንም ዳቦ መሰለሽ እንዴ የምታሸቺው?»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ሳቁ እኩል ጀመረ፤ እኩል ቆመ።

በማግሥቱ ለማንም ሳትናገር በምሳ ሰዓት ተመልሳ ሄደች። ዘበኛው «ያለ ጋሼ ፈቃድ አይገባም» አላት። ሰው ምሳ ይበላል በሚባልበት ሰዓት የስፌት መኪናዎቹ እየጮኹ ነው። ግንቡን ተከትላ ወደ ጓሮ ዞረች። ለእሳት አደጋ ማምለጫ የተሠራው በር በወፍራም ሰንሰለት ታስሮ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። ከአጠገቡ ፍርግርግ ያለው መስኮት አለ። በፍርግርጉ ውስጥ አንዲት ጣቷን በብጣሽ ጨርቅ የጠቀለለች ሴት ታየቻት።

«የምትገዢው አንቺ ነሽ?» አለች ሴትየዋ በሹክሹክታ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አልገዛም እንዳትዪ።»

«ምን?»

«ከአንቺ በፊት የመጣው ገዢ ይህን በር አየና ደንግጦ ትቶን ሄደ። እሱ እጁን ታጠበ፤ እኛን ግን ከዚህ የባሰ ቦታ ወስደው ሸሸጉን፤ ነገሩ ሲረሳ መለሱን። አንቺ ግዢ። ግን መጀመሪያ በሩን አስከፍቺ። መታወቂያችንን በእጃችን ያድርጉልን።»

«ለምን አትወጡም? በቀን፣ ሰው በሚያይበት?»

«አንዲት ልጅ ወጥታ ነበር» አለች ሴትየዋ። ከውስጥ የካቦው ድምፅ ተሰማ፤ ፊቷ ከመስኮቱ ላይ እንደ ተጎተተ ነገር ጥፍት አለ።

ጥርጥር በቀጥታ ወደ እህቷ ቤት ገባች። ይህ ስህተቷ እንደሆነ ያወቀችው ኋላ ነው፤ ግን ያሳደጓት ሰው ናቸውና ሳትጠይቃቸው ልትከሳቸው አንጀቷ አልቻለም። ጋሼ ምሳቸውን ጨርሰው ሻይ ይጠጣሉ። እህቷ ጠረጴዛ ትወለውላለች።

«ጋሼ፣ በሩ ለምን ታሰረ? መታወቂያቸውስ ለምን ተያዘ?»

አልተቆጡም። «ልጄ፣ በዚህ ዋጋ፣ በዚህ ቀን ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ማን የሚሰፋላችሁ መስሎሽ ነበር? መላእክት?»

ዞር ብላ «እትዬ፣ ታውቂያለሽ?» አለቻት እህቷን። እህቷ የወለወለችውን ቦታ መልሳ ወለወለችው።

ጋሼ ተነሡ። ትምህርት ቤት ሲሸኟት ያደርጉ እንደነበረው የኮቷን ኮሌታ አስተካከሉላት። «የእህትሽን ቤት በገዛ እጅሽ እንዳታፈርሺ» አሉ ፈገግ እንዳሉ። ጣቶቻቸው ከኮሌታዋ ላይ ቶሎ አልተነሡም።

ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። «በቃ፣ ተያቸው። ሌላ አቅራቢ እንፈልግ።»

«ትተናቸው ከሄድን ሴቶቹን ይሰውሯቸዋል። ከዚህ በፊትም ሆኗል።»

«ታዲያ እኔ ምን አደርግ? አይጥ በበላ ዳዋ ይመታል እንዴ?»

«ከአይጦቹ አንዱ እኛ ነን። የቆየው አቅራቢያችን በዚህ ዋጋ ሰው ይሞታል ብሎ ነግሮን ነበር፤ እኔም አብሬህ ሰምቻለሁ። ቀኑን አራዝም፣ ዋጋውን አስተካክል። በሩ ይከፈት፣ መታወቂያቸው ይመለስ። ሴቶቹንም አሠሪ በሌለበት፣ ከግቢው ውጭ እናናግራቸው። ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮም ዛሬውኑ እንንገር።»

ሥራ አስኪያጁ ሕሊናው ወቅሶት ይሁን ስሙ እንዳይጠፋ ፈርቶ፣ ብቻ «ይሁን» አለ።

በማግሥቱ ጠዋት ከቢሮው ተቆጣጣሪ ጋር ስትደርስ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አዳራሹ ባዶ ነው። ወለሉ ታጥቧል፤ ሰንሰለቱም ከጓሮው በር ላይ የለም። አንዱን የስፌት መኪና በመዳፏ ብትነካው ሞተሩ ገና ይሞቃል።

«እረፍት ሰጥቻቸው ነው» አሉ ጋሼ። «ሰው ቤተሰቡ ይናፍቀው የለ?»

ተቆጣጣሪው ዙሪያውን አየ፤ የሚይዘው ነገር አጣ። ወደ መኪናው ተመልሰው ሊሄዱ ሲሉ እህቷ በቤት ልብሷ፣ ፀጉሯን ሳትሸፍን እየሮጠች መጣች። የመኪናውን መስታወት በጥፍሯ አንኳኳች።

«የድሮው ወፍጮ ቤት» አለች። «ጎህ ሳይቀድ በጭነት መኪና ወሰዷቸው።»

«አንቺ ሴት!» አሉ ጋሼ ከበሩ ላይ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የተለወጠው ያኔ ነው።

እህቷ ዞራ አላየቻቸውም። የፊተኛውን በር ከፍታ ገባችና «ንጂ» አለቻት።

ተቆጣጣሪው በመንገድ ላይ ለፖሊስ ደወለ። ወፍጮ ቤቱ ከከተማው ዳር፣ መስኮት የሌለው ነው። ካቦው ፖሊሶቹን ሲያይ ቁልፉን መሬት ላይ ጥሎ እጁን አነሣ። በሩ ሲከፈት የታመቀ አየር ፊታቸውን መታቸው። ሴቶቹ ስፌት ላይ እንዳሉ ያህል ረድፍ ሠርተው ተቀምጠዋል። ብርሃኑ ገባ፤ ማንም ግን አልተነሣም።

«ውጡ» አለች ጥርጥር። «አልቋል፤ ውጡ።»

ጣቷን የጠቀለለችው ሴት ቀና ብላ አየቻት። «አሁን ደግሞ ለማን ልትሰጡን ነው?»

«ለማንም።»

ሴትየዋ ይህን ቃል ከዚህ በፊት የሰማች ይመስል ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። የጥርጥር እህት ናት መጨረሻ ላይ ገብታ፣ አንዷን በብብቷ ይዛ ያስነሣቻት። ከዚያ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተነሡ።

ጋሼና ካቦው ታሰሩ። ሴቶቹ መታወቂያቸውን ይዘው አብዛኞቹ ወደየቤተሰባቸው ሄዱ። ቀሪዎቹ የቆየው አቅራቢ ዘንድ ገቡና አንሶላውን በተስተካከለ ዋጋ ሰፉት። ሆቴሉ ዘግይቶ ተከፈተ። ያቺ ወጣች የተባለችው ልጅ የት እንደ ገባች ግን ፖሊስ ጠይቆ ጠይቆ መልስ አላገኘም።

እህቷ አሁን ከጥርጥር ጋር ትኖራለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ እያጣጠፉ ሳለ ያለ ወትሮዋ ተናገረች።

«የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ በግንቡ በኩል ይሰማኝ ነበር» አለች። «እየሰማሁ እተኛ ነበር። አሁን ጸጥ ሲል እንቅልፍ እንቢ አለኝ።»

ጥርጥር የአንሶላውን ጫፍ አቀበለቻት፤ አብረው አጣጠፉት።