ወለል የሌለው ጉድጓድ

ዋቅቶላ የክር ማቅለሚያውን በባልዲ ውሃ በጥብጦ ሽንት ቤቱ ውስጥ ሲደፋ ባለቤቱ የሺሀረግ በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር። ሰማያዊው ውሃ ነጩን መቀመጫ ዞሮ ወደ ታች ወረደ። ሁለተኛ ባልዲ ደገመ፤ ሦስተኛም።

«ምንድን ነው እሱ?» አለችው።

«ቀለም ነው። ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎቹ ክር የሚነክሩበት።»

«ሽንት ቤት ልትነክር ነው?»

«የት እንደሚወጣ ልይ ብዬ ነው» አላት፣ ባልዲውን እያለቀለቀ።

የሺሀረግ ወዲያው ገባት። ጎረቤታቸው ጸሐይ በዚህ ሳምንት ብቻ ሁለቴ መጥታ ግድግዳዬን እዩልኝ ብላ ነበር። «ባታውቀው ይሻልሃል» ብላው ወደ ቤት ተመለሰች።

ዋቅቶላ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቧንቧ ሠራተኛ ሆኖ ጉለሌ ውስጥ ያልገባበት ግቢ የለም ማለት ይቻላል። ለሰው ሲሠራ ጠንቃቃ ነበር። «ባለ ሁለት ክፍል ይሁን፤ አንደኛው ደለሉን ያስቀራል፣ ሁለተኛው ውሃውን ያጣራል። ወለሉን በኮንክሪት ሙሉት። በየሦስት ዓመቱ አስመጥጡት» እያለ ደንበኞቹን ይመክራል፤ እምቢ ካሉት ሥራውን ጥሎ እስከ መሄድ ይደርሳል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ የራሱን ቤት ሲሠራ ግን፣ የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት፣ አራት ሜትር ጉድጓድ አስቆፈረና ጎኑን በድንጋይ ካበ፤ ወለሉን እንዲሁ ተወው። ያኔ ሰፈሩ ገጠር ነበር። ከበታቹ የገብስ ማሳና ባሕር ዛፍ እንጂ ቤት አልነበረም። አፈሩ ይጠጣዋል አለ። አፈሩም ጠጣው። ጉድጓዱ አልሞላ ስላለ አንድም ቀን አላስመጠጠውም፤ እንዲያውም ለሰው ሲያወራ ይኮራበት ነበር።

ከሰባት ዓመት በኋላ ጸሐይ ከበታቹ ያለውን ቦታ ገዛች። መምህርት ነች፤ ባሏ ሞቶባት ሰምሀል የምትባል አንዲት ልጇን ለብቻዋ ታሳድጋለች። ከእነ ዋቅቶላ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያመልኩት። መሠረት ከማስወጣቷ በፊት ወደ እሱ መጥታ፣ «ጋሽ ዋቅቶላ፣ ጉድጓድዎ ለቤቴ አያሰጋኝም?» ብላ ጠየቀችው።

«ወለሉ ኮንክሪት ነው። ምንም አታስቢ» አላት።

ለምን እንደዋሸ ዛሬም በደንብ አያውቀውም። ምናልባት ለሰው የሚመክረውን ለራሱ አላደረገም መባልን ፈርቶ ይሆናል። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ቀላል ነበር፤ እሷም አመስግናው ሄደች።

ቀለሙን ከደፋ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ በድንጋይ ደረጃው እየተንሸራተተ ወደ ጸሐይ ቤት ወረደ። ነሐሴ ነው፤ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ገና ከጣሪያው ይንጠባጠባል።

«እንኳን መጡ ጋሽ ዋቅቶላ! ቅዳሜዎን አበላሸሁብዎት።»

«ግድ የለም። ግድግዳውን ልየው ብዬ ነው።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ ባይኖሩ ማን ያይልኝ ነበር?»

የኋለኛው ክፍል ጀርባውን ለዳገቱ ሰጥቶ የተሠራ ነው። የሰምሀል መኝታ ነበር፤ ልጅቷ ማሳል ካበዛች ወዲህ አልጋዋ ወደ ሳሎን ወጥቷል። ከወገብ በታች ልስኑ ረግፎ ብሎኬቱ ይታያል። ጸሐይ ክፍሉን በበረኪና አጥባዋለች፤ ከበረኪናው ሥር ግን ሌላው ሽታ አለ። ዋቅቶላ ያንን ሽታ ሠላሳ ዓመት ያውቀዋል።

«የውሃ መስመር ተሰብሮ ነው ብዬ አመለከትኩ። ሰዎች መጥተው ቆፍረው አዩና መስመሩ ደህና ነው አሉኝ» አለችው። «እንዲያ ከሆነ ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት ይመጣል?»

«ክረምት ነው እኮ።»

«ኧረ በበጋም ነበረ! ጥር ላይም እርጥብ ነበር።»

 ጸሐይ ሻይ ልታመጣ ስትወጣ ዋቅቶላ ተንበርክኮ የግድግዳውንና የወለሉን መገጣጠሚያ ዳሰሰ። ቀለሙ ቢመጣም በሁለት ሦስት ቀን ነው ብሎ ነበር። ጥጉ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ሰማያዊ መስመር አየ። በመሐረቡ ጠረገው። መስመሩ ወዲያው ተመልሶ ወጣ። ድጋሚ ጠረገው።

የእግሯን ኮቴ ሲሰማ ተነሣና ጫማውን በቦታው ላይ አሳረፈ።

«ቁጭ አይሉም?»

«አይ፣ እንዲሁ ይሻለኛል» አላት። ትኩሱን ሻይ ቆሞ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው፤ ጉሮሮውን አቃጠለው። «እስክመለስ እዚህ ክፍል አትግቢ። ወለሉ ያንሸራትታል።»

ከዚያ በቀጥታ በታክሲ ወደ አዲሱ ገበያ ወረደ። የፍሳሽ መምጠጫ መኪና የሚነዳ አማን የሚባል ጎልማሳ ከድሮ ሥራው ያውቃል፤ ለምኖ ይዞት መጣ። መኪናው ከአስፋልቱ አላለፈም። ወደ ዋቅቶላ ግቢ የሚያወጣው ደረጃ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። አማንና ረዳቱ ሦስት የመምጠጫ ጎማ ቀጣጥለው በጎረቤት አጥር ሥር አሳልፈው ወደ ጉድጓዱ ከተቱት። ርቀቱና ዳገቱ ስለበዛ ሞተሩ ሲያቃስት ቆየ። በመጨረሻ ጎማው ተንቀጠቀጠ፣ ፍሳሹም ወደ ታች መጉረፍ ጀመረ።

ዋቅቶላ ፌሮ ዘንግ ይዞ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ እየለካ ነበር። ግማሽ ሜትር ቀነሰ። አንድ ሜትር።  የከተማው ፍሳሽ መስመር እስኪመጣ በየሦስት ወሩ ባስመጥጠው እኮ ይቻላል፤ ለጸሐይም ምንም ሳይነግራት ግድግዳው ይደርቃል ብሎ አሰበ። ይህ ሐሳብ ከሩብ ሰዓት በላይ አልቆየም። አማን ቦቴው ሞልቶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ላይ እስኪወጣ ድረስ ውሃው የወረደውን ያህል ተመልሶ ነበር።

አማን በስልኩ መብራት ወደ ውስጥ ተመለከተ። «ፋዘር፣ ይሄ ጉድጓድ ወለል አለው?»

«የለውም» አለ ዋቅቶላ። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ይህን ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነው።

«ገርሞኝ እኮ ነው። እኔ ስመጥ ተራራው ይሞላል። አሥር ቦቴ ባመላልስ ያው ነው። ከሥር ያለው ደለል ደግሞ ድንጋይ ሆኗል፤ ጎማው አይስበውም።»

«ባለ ሁለት ክፍል አዲስ ታንከር ባሠራስ? በኮንክሪት?»

አማን ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየው። ቤቱ፣ የሴት ልጁ የሮሃ እና የባሏ ክፍል፣ ሁለቱ የኪራይ ክፍሎች፤ በእነሱና በአጥሩ መካከል ያለው መሬት ሁለት እርምጃ አይሞላም። ያቺንም ቢሆን ዋቅቶላ አምና ሞክሯት አንድ ክንድ ሳይወርድ ዶማው አለት ላይ ነጥሯል።

«የት ላይ?» አለ አማን። «እሺ ቦታ ተገኘ እንበል። የሚወጣውን ውሃ ወዴት ይለቁታል? ወደ ታች ነው። ታች ደግሞ ሰው አለ። እርስዎ እኮ ይሄን ለእኛ የሚያስተምሩ ሰው ነዎት።»

«መስመር ይዘረጋል ይላሉ።»

«ይላሉ» አለ አማን፣ ጓንቱን እያወለቀ።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ የሺሀረግ ወጥታ ጎማው ያቆሸሸው ደጅ ላይ ውሃ ደፋች፣ ጠረገች። ባሏ የጉድጓዱ ክዳን ላይ ተቀምጧል።

«ልነግራት ነው» አላት።

«ከነገርካት በኋላስ? ስምንት ነፍስ ነን እዚህ ግቢ። ዝጉት ቢሉን የት ልንወጣ ነው? ጫካ?»

«ልጅቷ ታስላለች፣ የሺ።»

«አውቃለሁ» አለች። መጥረጊያውን አቁማ በእንጨቱ ላይ ተደገፈች። «ሌሊት ሌሊት እሰማታለሁ። አንተ ስለምትተኛ ነው።»

 ዋቅቶላ ተነሥቶ ወደ ጸሐይ ቤት ወረደ።

ጸሐይ እንዳትገባ የነገራት ክፍል ውስጥ ነበረች። ወለሉ ላይ ተንበርክካ ጨርቅ ትጨምቃለች፤ ወደ ባልዲው የሚወርደው ውሃ ሰማያዊ ነው። በግድግዳው ሥር ቀለሙ የመዳፍ ስፋት አውጥቷል።

«ይዩ እስቲ ጋሽ ዋቅቶላ፣ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሰማያዊ ሆነ...»

«እኔ ነኝ» አላት። «ጠዋት በሽንት ቤቴ የደፋሁት ቀለም ነው። ጉድጓዴ ወለል የለውም፤ ድሮም አልነበረውም። ስትጠይቂኝ ዋሸሁሽ።»

ጸሐይ ጨርቁን ከእጇ አልጣለችውም። ትቆጣለች፣ ትጮሃለች፣ ለሽማግሌዎች ትከሰኛለች ብሎ ነበር፤ ደረጃውን ሲወርድ ለዚያ ተዘጋጅቷል። እሷ ግን ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

«አሥራ አንድ ዓመት» አለች በመጨረሻ። ከዚያ፣ «አሁን ቢዘጉት ይቆማል?»

«አይቆምም። አፈሩ የጠጣውን ለዓመታት ሲተፋ ይኖራል። ከተራራው የሚወርደውም ውሃ በዚያው መንገድ ለምዷል።»

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«የመምጠጫ መኪናውን የነዳው ልጅና የሺሀረግ።»

«እንግዲያው ከዚህ በኋላ ለማንም አይናገሩ።»

ዋቅቶላ በትክክል ያልሰማት መሰለው። ጸሐይ ተነሥታ የክፍሉን በር ገፋ አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።

«ማክሰኞ ቤቱን ሊያዩ የሚመጡ ሰዎች አሉ። ከአዳማ ተዛውረው የመጡ ባልና ሚስት ናቸው። ፎቶውን አይተው ወደውታል። ሐኪሙ ልጅቷን ከዚህ ቤት አውጪያት ብሎኛል፤ ሳልሸጥ በምን ላወጣት ነው? ያለኝ ይሄው ነው። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ከታወቀ ደግሞ ማን ይገዛኛል?»

«ልጆች አሏቸው?»

ጸሐይ ጨርቁን ባልዲው ጠርዝ ላይ ዘረጋችው፣ መልሳ አነሣችው።

«ሁለት» አለች። «ትንሹ ገና ድክ ድክ ማለቱ ነው።»

ሳሎን ውስጥ ሰምሀል ማሳል ጀመረች። ረጅም ሳል ነበር፤ ሁለቱም እስኪያልፍላት ጠበቁ።

«እስከ ማክሰኞ ይሄን ማድረቅ ይቻላል?» አለችው ጸሐይ።

«ማድረቅስ አይቻልም። ውሃ በማያሳልፍ ልስን ቢሸፈን... ሁለት ወር ይይዛል። ቢበዛ ሦስት።»

«ሁለት ወር ይበቃኛል።»

ዋቅቶላ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አየው። አይሆንም ሊላት ይችል ነበር፤ አፉም ለዚያ ተከፍቶ ነበር። ግን ከማንም ሰው በፊት እምቢ ሊላት የማይገባው ሰው እሱ መሰለው። ጸሐይ አልለመነችውም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ትጠብቃለች።

ኮቱን አውልቆ በሩ ላይ ካለው ምስማር ሰቀለው። የሸሚዙን እጅጌ እየጠቀለለ፣ «ሲሚንቶ አለሽ?» አላት።