የወይዘሮ ዋጋነሽ የቅዳሜ ወሬ

ወይዘሮ ዋጋነሽ ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ማዞሪያ ላይ ሠርተው ጡረታ ሲወጡ፣ ከሁሉ የከበዳቸው የቤቱ ዝምታ ነበር። ዕድሜያቸውን የሰው ድምፅ ከሰው ድምፅ ሲያገናኙ ኖረው፣ ቀራንዮ ባለው ቤታቸው የሚሰሙት የጎረቤት ብየዳ ብቻ ሆነባቸው። ልጃቸው ሔለን ዘመናዊ ስልክ ገዝታ ሰጠቻቸው። ስድስት ወር ሳይሞላ የቴሌግራም ቻናል ከፈቱ።

ዓርብ ዓርብ መነጽራቸውን አድርገው በኢንተርኔት የሰነበተውን ወሬ በደብተር ይለቅማሉ፤ ቅዳሜ ጠዋት በድምፅ ቀድተው ይለቁታል። ቲክቶክ ላይ ልጆቹን ያሳበደው ጭፈራ ከየት እንደመጣ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አማርኛ ሲጽፍ የቱ ጋ እንደሚደናቀፍ፣ «ሥራ አግኝተዋል፣ ይህን ይጫኑ» የሚል መልእክት ሲመጣ ለምን እንደማይጫን፣ ሁሉንም በዚያ በጠራ የማዞሪያ ድምፃቸው ያወሩታል። ተከታዮቻቸው የዕድራቸው ሴቶችና የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ቢበዛ መቶ ሃምሳ።

«እማ፣ ይኼን ሁሉ እኮ ሰው በደቂቃው ያየዋል። ማን ቅዳሜን ይጠብቃል?» ትላቸዋለች ሔለን። እሷ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ እናቷ ቻናል እንዳላቸው ለባልደረቦቿ ተንፍሳ አታውቅም። ወይዘሮ ዋጋነሽ ይኼን ያውቃሉ። ቅር ይላቸዋል፤ ግን አንድም ቅዳሜ አልዘለሉም።

በሐምሌ ወር አንድ ቅዳሜ ሊቀዱ ሲሰናዱ፣ ግቢያቸው ውስጥ ተከራይታ የምትኖረው ሌሊሴ ባዶ እግሯን እየሮጠች ገባች።

«እትዬ! ድልድዩ ፈረሰ! ጋዲሳዬ!»

ስልኳ ላይ አንድ ቪዲዮ አለ። ደፍራሽ ጎርፍ ድልድይ ገምሶ ይወስዳል፤ አንድ ሚኒባስ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ «አስኮ፣ አሁን» ይላል። ባሏ ጋዲሳ የዚያው መስመር ታክሲ ሹፌር ነው፤ ስልኩ ዝግ ነው።

ወይዘሮ ዋጋነሽ ስልኩን ተቀበሏት። በማዞሪያው ዘመን ስንት የደነገጠ ሰው አነጋግረዋል። ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አዩት። በሦስተኛው አቆሙትና ከድልድዩ አጠገብ ያለውን የሱቅ ታፔላ አጎሉት።

«ነይ፣ ይኼን አንብቢልኝ።»

«እትዬ፣ አሁን የንባብ ሰዓት ነው?»

«አንብቢ አልኩሽ።»

ሌሊሴ እንባዋን ጠርጋ አፈጠጠች። «ሀ... አይ፣ ሀ አይደለም። ይኼ ደግሞ ምን ፊደል ነው?»

«ፊደል አይደለም፣ ፊደል መሳይ ነው። ቪዲዮውን ማሽን ነው የሠራው።»

«ታዲያ የጋዲሳ ስልክ ለምን ተዘጋ?»

«ታፔላው ውሸት መሆኑ ድልድዩ መቆሙን አይነግረንም» አሉ ጃንጥላቸውን እያነሱ። «ጫማሽን አድርጊ፣ ሄደን እንየው።»

በተሳፈሩበት ታክሲ ውስጥ ወሬው ሁሉ የድልድዩ ነበር። አንዱ ሦስት ሰው ሞቷል ሲል ሌላው ሰባት አደረሰው። ሌሊሴ የወይዘሮ ዋጋነሽን እጅ ጨምቃ ይዛ አስኮ እስኪደርሱ አልለቀቀችም።

ድልድዩ እንዳለ ቆሟል። ወንዙ ሞልቷል እንጂ አፋፉን እንኳ አልነካም። ጋዲሳ ከማዶ ተራ እየጠበቀ፣ መሪው ላይ ተደግፎ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ይግጣል። የስልኩ ባትሪ አልቆበት ነበር። ሌሊሴ መጀመሪያ ደረቱን ደበደበችው፤ ከዚያ አንገቱን አቅፋ አለቀሰች። እሱ በቆሎው አፉ ውስጥ እንዳለ «ምን ሆናችሁ?» ይላል።

ወይዘሮ ዋጋነሽ ድልድዩ መሀል ቆመው ስልካቸውን አወጡ። ፊታቸውን በቪዲዮ አሳይተው አያውቁም ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ዋጋነሽ ነኝ። የቆምኩት ፈረሰ የተባለው ድልድይ ላይ ነው። ይኸው፣ በእግሬ እየረገጥኩት ነው። የተላከላችሁን ቪዲዮ ከማስተላለፋችሁ በፊት ታፔላውን አንብቡት። የማይነበብ ፊደል ካያችሁ ተጠራጠሩ። ከተጠራጠራችሁ ደግሞ በዓይኑ ያየ ሰው ጠይቁ። እኔ አይቻለሁ።»

ለቀቁት፤ የዕድራቸው ሴቶች ወዲያው ለየሰዉ አስተላለፉት። ጋዲሳ ተራው ደርሶ ወደ ሰፈራቸው ሲመልሳቸው፣ ከፊት የተቀመጠ ተሳፋሪ ስልክ ውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ። «በእግሬ እየረገጥኩት ነው» ይላል። ከኋላ ያለች ሴት «እስቲ ከፍ አርገው» አለች። ታክሲው ጸጥ ብሎ አደመጠ። ወይዘሮ ዋጋነሽ አንገታቸውን ደፍተው የጃንጥላቸውን እጀታ ይነካካሉ።

ሌሊሴ ግን አልቻለችም። «እሳቸው እኮ ናቸው! እዚህ ተቀምጠው! የኛ ግቢ ናቸው!»

ሁሉም ዞረ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አነሡላቸው። «እኔኮ ልጆቼ እዚያ ማዶ ናቸው» አሉ፤ «እግዜር ይስጥልኝ።»

ወርደው ገና መንገድ ሳይሻገሩ ሔለን ደወለች። ከጀርባዋ የቢሮ ጫጫታ ይሰማል።

«እማ፣ እዚህ ሁሉም ያንቺን ቪዲዮ ነው የሚያየው። የታፔላውን ነገር እኛ እንኳ አላስተዋልነውም። 'ይህቺ ሴትዮ ማን ናት?' አሉ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እናቴ ናት አልኩ።» «ቅዳሜ ቅዳሜ እንደምትቀጂም ነገርኳቸው። ቻናሉን ላኪልን ብለውኝ ላክሁላቸው።»

«ደግ አደረግሽ» አሉ ወይዘሮ ዋጋነሽ፤ ድምፃቸው እንዳይሰበር ስልኩን ቶሎ ዘጉት።

ዝናቡ ጀመረ። ሰው ሁሉ ወደ ሱቆች በረንዳ ሲሮጥ፣ እሳቸው ጃንጥላቸውን ሳይዘረጉ፣ ቀና ብለው በመንገዱ መሀል ወደ ቤታቸው ሄዱ።