ስሟን የደበቀችው ደራሲ

ጅዳ፣ ኑዝላ ሰፈር፣ ቤተሰቡ ከዙህር ሶላት በኋላ ጋደም ሲል የቤት ሠራተኛዋ ሀምዲያ ወደ ጣሪያው ትወጣለች። አሠሪዋ ማዳም ልብስ ልታሰጣ የወጣች ይመስላታል። እሷ ግን እርጥብ አንሶላዎቹ መሐል ቁጭ ብላ በስልኳ ልብ ወለድ ታነባለች። ተማሪ ሳለች ሁለት ገጽ ሳትጨርስ እንቅልፍ የሚጥላት ልጅ፣ አሁን በአንዲት ስሟን በደበቀች ደራሲ የተነሳ እንቅልፍ አጥታለች።

ታሪኩ በየሳምንቱ በቴሌግራም ይወጣል፤ ደሴ ስለሚማሩና እርስ በርሳቸው ስለሚዋደዱ ሁለት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃገረዶች ነው። እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ ይጻፋል ብላ ሀምዲያ በሕልሟም አላሰበች። የመጀመሪያውን ክፍል ስታነብ ሰው ያያት ይመስል ስልኩን በሻርፗ ሸፈነችው። ከጽሑፉ ሥር ወጣት አንባቢዎች "እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር" እያሉ ጽፈዋል። እሷም እሷ ብቻ መስሏት፣ ሃያ አራት ዓመት እስኪሆናት ሆድ ይፍጀው ብላ ኖራለች።

ክፍል አሥራ ሁለት ላይ አንደኛዋ ልጅ ጣሪያ ላይ አንድ ቀይ ካልሲ ለብቻው ሰቀለች። ለጎረቤቷ ልጅ "የምነግርሽ አለኝ፣ ጠብቂኝ" ማለቷ ነው። ጎረቤቷ ግን አይታው ወረደች። "መልሷ ይኸው ነበር፤ ሁለተኛ አልጠየቅኋትም" ይላል ጽሑፉ።

ሀምዲያ መስመሩን ደግማ አነበበችው። ይህን ምልክት በዓለም ላይ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከቤት መውጣት ስለማይፈቀድላቸው እሷና የጎረቤት ቤት ሠራተኛዋ ሳሊሃ በሚሰጣ ልብስ ይነጋገሩ ነበር። ሁለት ካልሲ ከሆነ ማዳም ነቅታለች፤ አንድ ከሆነ ጠብቂኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ሳሊሃ አንዱን በሰቀለችበት ቀን የቤቱ ሕፃን ከደረጃ ወደቀና ማዳም ተጣራች፤ ሀምዲያም ሮጣ ወረደች። በማግስቱ ሳሊሃ መካ ላለ ሌላ አሠሪ ተሰጥታ ሄደች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእነዚህ የሁለቱ ዝምታ ግን ነቅዟል።

ደራሲዋ ሳሊሃ መሆኗ ገብቷት ሦስት ሳምንት ሙሉ ልትጽፍላት አስባ ፈራች። ስልኳን ማዳም ካየችው ወደ አገር ቤት መባረሩ ቀላሉ ቅጣት ነው። አንሶላ ባሰጣች ቁጥር ከወዲያ በኩል ሳሊሃ የቆመች ይመስላትና ገለጥ ታደርገዋለች፤ ያለው ፀሐይ ብቻ ነው።

ረመዳን ገባና ቤተሰቡ ለዑምራ መካ ሲሄድ ልጆቹን እንድትይዝ እሷንም ወሰዷት። ያረፉት ዑተይቢያ፣ የማዳም እናት ቤት ነው። አመሻሹ ላይ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሁሉም አፍጥር ሲጠባበቅ፣ ሀምዲያ ወጥ ቤት በሩን ዘጋች። ጽሕፈት ስለማይሆንላት ለደራሲዋ በድምፅ ላከችላት።

"ሳሊሃ፣ ሕፃኑ ወድቆ ነው የወረድኩት። ወላሂ፣ እኔም የምነግርሽ ነበረኝ።"

ልካ እንደጨረሰች ስልኩን ኪሷ ከትታ በሩን ከፈተች። አዛን ብሎ፣ ቴምሩ ዞሮ፣ ሾርባው ሁሉ አልቆ ሳህን ስታጥብ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። የድምፅ መልእክት ነበር።

"የመጨረሻውን ክፍል ጽፌው ነበር" አለች ሳሊሃ። "ልጅቷ ብቻዋን ትቀራለች። ነገ ላወጣው ነበር። አሁን ምን ላድርገው?"

ሀምዲያ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። ሁለት ዓመት ሙሉ በልቧ ስንት ነገር ስትደረድር ኖራ፣ ከአፏ የወጣው ይህ ብቻ ሆነ።

"አጥፊው፤ እኔም መካ ነኝ።"